መርዶዬን ያቆየችብኝ

«ለአንቺው ተብሎ ነው» የሚለውን ነገር መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ባውቀው፣ ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ የምለው ነበረኝ። እናቴ ሞታ፣ ተቀብራ፣ አርባዋ ወጥቶ፣ እኔ ብቻ አላውቅም ነበር። ሀርጌሳ ውስጥ ዓርብ ዓርብ የምንገናኝ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁሉ ያውቁ ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የምታድረው ደባሌ ታውቅ ነበር። ከሁሉም በላይ በየማታው የምለምነው አምላክ ያውቅ ነበር። ሁሉም ዝም ያሉት ለእኔው ብለው ነው አሉ።

ያኔ የምንኖረው አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት ሶማሌ ባልቴት ግቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። እኔ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ፤ ምግብ አበስላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ማታ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ደባሌ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። እኔ ወሎዬ ነኝ፣ እሷ ጎጃሜ ናት። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ አንዲት የእመቤታችን ሥዕል አለችን። ሰው ሲመጣ ሥዕሏን በመጋረጃ እንሸፍናታለን። ይሸፈን ያለን የለም። እንግዳ በሰው ቤት ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርገው ነው።

ማታ ማታ ጎን ለጎን ቆመን እንጸልይ ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን አብረን እንደግማለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ልመና እናቀርባለን፣ ሌላዋ «አሜን» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር እርስ በርስ ካህንም ዲያቆንም ሆነን የኖርነው በዚህ ነው። የአንዷን ልመና ሌላዋ በአሜን ካልዘጋችው መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ደባሌ አሜን ስትል ከልቧ ነው የምትለው። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ስኳር ነበረባት። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ እግሯ ቆስሎ አልጋ ላይ ውላ ነበር። ረመዳንም የገባው በዚያው ሰሞን ነው። የምሠራበት ቤት እመቤቲቱ በረመዳን ትጾማለች፣ እኔ በሁዳዴ እጾማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም በባዶ ሆድ እኔ ሳምቡሳ ስጠብስ እሷ ቴምር ስታስተካክል እንስቃለን። ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናት። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት «አቦ ተዪኝ፣ እኔ ድሬ ነው ያደግኩት፣ አንቺ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ እያልኩ በአንቺ ነው የማወራት። ዘይቱ ሲንጣጣ «ያንቺ ጾም ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። «ያንቺ ካለቀ በኋላም አያልቅም» እላታለሁ።

በዚያ ጾም የጸለይኩትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ አልጸለይኩም። «እናቴን ማርልኝ፣ ከአልጋዋ አንሣልኝ፣ ዓይኗን ሳላይ አትውሰዳት» እላለሁ። ደባሌ «አሜን» ትላለች። ስልክ ስደውል ታላቅ ወንድሜ ያነሣል። አንዴ ተኝታለች ይለኛል፣ አንዴ ሐኪም ጋ ሄዳለች ይለኛል። ወደ መጨረሻው ላይ ጠበል ወስደናታል፣ ከጠበሉ ቦታ ኔትወርክ የለም አለኝ። እኔም ጠበል ከሄደችማ ደግ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲያውም ለደባሌ እየዘለልኩ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ምድጃውን ስታስተካክል ትዝ ይለኛል።

ብርድ ልብሱን ግን እስካሁን አልረሳውም። ጠበል ቦታ ሌሊቱ ይበርዳታል ብዬ አንድ ዓርብ ደባሌን ይዣት ገበያ ወጣሁ። ከሱቅ ሱቅ ዞርን። እኔ ቀዩን አነሣሁ። እሷ በጣቷ ዳሰሰችውና «ይሄ ይከብዳቸዋል፣ ያኛው ቀለል ይላል» ብላ ሌላውን መረጠችልኝ። በድንበሩ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ አገር በምትገባ ሴት እጅ ላክሁት። አፈር ለለበሰች ሴት የሚቀለውን ብርድ ልብስ በጣቷ መረጠችልኝ።

ፋሲካ ዋለ። ዓርብ ዓርብ የምንገናኘው ማኅበርተኛ ተሰብስቦ ዶሮ በላን። ሁሉም እየዞረ ሳመኝ። እኔን ለምን እንዲህ ጠበቅ አድርገው ይስሙኛል ብዬ እንኳን አላሰብኩም፤ ፋሲካ ነው፣ ሰው ደስ ብሎታል አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ጠዋት ጋአን ሊባህ ገብቼ ልብስ አንሥቼ ላጥብ ስል እትዬ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። መጥታ አቀፈችኝ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ እናትሽን አላህ ይርሐማት። ምነው እህቴ፣ ይሄን ያህል ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ እየሣቅሽ ስትሠሪ? እንዴት ያለ ሰብር፣ እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው ያለሽ!» አለችኝ።

ማንን ነው የምትለው ብዬ አየኋት። የሞተችው የሌላ ሰው እናት መሰለችኝ።

ለካ ደባሌ በዋዜማው ማታ እሷ ዘንድ መጥታ ኖሯል። ዓርብ ጠዋት ሰዎች ተሰብስበው መርዶ ሊነግሩኝ ነበርና፣ ቀጥሎ ያሉትን ቀናት ፈቃድ እንድትሰጠኝ ልትለምንልኝ ነው የመጣችው። እናቷ አርፈውባት ነው ብላታለች። አታውቅም ግን አላለቻትም፤ ይሄን ለማለት አፍራ ይሁን ነገሩ ግልጽ መስሏት ይሁን አላውቅም። እትዬ ደግሞ እናቷ ሞታ የማታውቅ ልጅ ትኖራለች ብላ በሕልሟም አታስብ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ዕለቱን ይቀበራል፣ ዕለቱን ይነገራል። ጠዋት የሞተውን ማታ የዓለም ዳርቻ ያለው ዘመዱ ይሰማል። እኛ ነን ሞትን እንደ ሰርግ ቀን ቆርጠን የምንናገር።

«መቼ ነው የሞተችው?» አልኳት።

እትዬ ፊቷ ተለዋወጠ። እጆቿን ከትከሻዬ ላይ አነሣች። «በረመዳን ነው ያለችኝ፣ በአጋማሹ» አለች። ከዚያ «አታውቂም ነበር?» አለችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ጮህኩ። አገሬ ቢሆን ጎረቤት በሙሉ የሚሰማው፣ የሰማውም ነጠላውን እያዘቀዘቀ የሚመጣበት ዓይነት ጩኸት ነበር ከውስጤ የተነሣው። ግን መጀመሪያው ላይ ተቆረጠ። እትዬ አጥብቃ አቀፈችኝና «አትጩሂ እህቴ፣ አትጩሂ፣ ጩኸት ሐራም ነው፣ ለሟች ዱዓ ነው የሚያስፈልጋት» አለችኝ። እሷም እያለቀሰች ነው። ክፋት አልነበረባትም። የራሷ እናት ብትሞትም እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ግን እኔ እርሜን ሳላወጣ ጩኸቴ ሆዴ ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ባጃጅ ጠርታ ወደ ክፍሌ ላከችኝ።

ደባሌ ከሥራ ስትመለስ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። በር ላይ እንደቆመች ፊቴን አይታ ገባት። መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «ማን ነገረሽ?» ነው። ነፍስ ይማር አላለችም። ማን ነገረሽ አለችኝ። እንጀራ የሰረቀች ልጅ ስትያዝ ያየኝ ማነው እንደምትለው።

«አሜን ስትዪ ነበር» አልኳት። «ማርልኝ ስል አሜን ስትዪ ነበር።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ዝም ማለት አቅቶሽ ነው?»

«ዝም ብል ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነው። እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው እኮ። በጾም፣ በባዶ ሆድሽ፣ በሰው አገር…»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አልደግመውም፤ ለወረቀት አይሆንም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እናቴን ቀብራችሁ ጠበል ወሰድናት ትለኛለህ?» አልኩት። ማልቀስ ጀመረ። «እታለም፣ ለአንቺው ብለን ነው። እዚያ ያሉት ሰዎችም…» ሲል ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፣ አላነሣሁም።

ለቅሶ ደራሽ መጣ። ማኅበርተኛው ክፍላችን ውስጥና ደጁ ላይ ተቀመጠ። የቤታችን ባለቤት ባልቴቷ እንኳ የውሃ እሽግ አምጥታ አስቀመጠችልን። ያ ሁሉ ሰው መርዶ ሊነግረኝ ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው ነው፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ማን አጠገቤ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚይዘኝ ተነጋግሮ የጨረሰ ሰው። የሚነግሩት ነገር ስለጠፋባቸው እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ደርቄ ተቀመጥኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ አንጀቴ በንዴት ተይዞ ነበር፣ ለእንባ የሚተርፍ ቦታ አልነበረውም። አንዷ ጎኔ ላለችው «አላለቀሰችም እኮ» ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ አየኋት።

ምን እንደተወሰደብኝ የገባቸው አልመሰለኝም። ሞቱን አይደለም የምላቸው፤ ሞት የእግዚአብሔር ነው። እኔ የምለው፣ ነፍስ ይማር ማለት በሚገባኝ ጊዜ ማርልኝ እያልኩ አሳለፍኩ። ፍታቷ ሲፈታ እኔ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነበር። ተዝካሯ ሲወጣ ያንን ብርድ ልብስ አገኘች ወይ ብዬ እጨነቅ ነበር። እናቴ ከዚህ ዓለም ስትሄድ ልጇ አንዲት ስግደት እንኳ ሳትሰግድላት ሄደች። ይሄን ማን ለእኔ ብሎ ያደርጋል?

ደባሌ አንድ ቀን መልስ ያላት መስሏት «እኔ ሰግጄልሻለሁ» አለችኝ። «ከሰማሁበት ቀን ጀምሬ አርባውን እስኪሞላ ጠዋት ጠዋት ለእናትሽ ነፍስ ሰግጃለሁ። በአንቺ ስም።»

እውነቷን ነበር። በዚያ ጾም ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ስትሰግድ አያት ነበር፤ በርትታለች ብዬም ቀንቼባት ነበር። ለማመስገን የፈለገች ሴት ብሆን እዚህ ላይ አመሰግናት ነበር። እኔ ግን ባሰብኝ። «ስግደቴንም ወሰድሽብኝ?» አልኳት። «ሐዘኔን ደብቀሽ አንቺ አዘንሽልኝ? ማን ወከለሽ?» ለማብሰያ ከምንጋራው ምድጃ በቀር ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉን ለየሁ። ወጥ ለየሁ፣ ሳሙና ለየሁ፣ ባልዲ ለየሁ። ክፍሉን ግን አልለቀቅኩም። ሀርጌሳ ውስጥ ለክርስቲያን ሴት ደባል እንደ ልብ አይገኝም፤ ደግሞ ለምን እኔ እለቅቃለሁ?

የንስሐ አባቴ የሚኖሩት ደሴ ነው። በስልክ አገኘኋቸው። ሁሉን ሰሙኝ፤ ጥሩነታቸው ሳያቋርጡ መስማታቸው ነው። ስጨርስ «ልጄ፣ ይቅር በያት» አሉ።

«አልችልም አባ።»

«አለመቻልሽን አውቃለሁ። ታዲያ ይቅር የሚል ልብ ስጠኝ ብለሽ ጸልዪ። መቻሉን ከእሱ ለምኚ።»

«እሱም እኮ ያውቅ ነበር አባ» አልኳቸው። «ስለምነው ሞታለች አላለኝም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «እሱንም ንገሪው» አሉኝ። «እንዲህ ብለሽ ንገሪው፣ ግን መጸለይ እንዳትተዪ።»

እሺ አልኩ። መጀመሪያ ሰሞን ጸሎቱን ድንጋይ አድርጌ ነው የወረወርኩት። ደባሌ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጌታ ሆይ፣ የደበቁኝን፣ የዋሹኝን፣ በጸሎቴ የቀለዱብኝን ይቅር የምልበት ልብ ስጠኝ» እላለሁ። ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ስድብ? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አሜን ማለት ትታለች። አሜን ብትል ደግሞ ምን እንደማደርጋት እኔ ነኝ የማውቀው።

እየቆየ ግን ከሷ ውጭ ባለሁበት ቦታ ሁሉ ይመጣብኝ ጀመር። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቄ ስሄድ፣ የእትዬን ደረጃ ሳጥብ። «ልብ ስጠኝ፣ ልብ ስጠኝ» እላለሁ በሆዴ። ወለሉን እየፈተግሁ ስለሆነ ቃሉ ከእጄ ጋር ይሄዳል። ልቡ ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይዘጋል። በውሸት ላልፈው ሞክሬ ነበር። አልሆነም። ሌላውን ሁሉ ብዬ ያችን ቃል ዘልዬ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ወደሚለው እገባለሁ። ደባሌ በበኩሏ በማዶ ጥግ ስትጸልይ ትሰማኛለች። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ የሷም ድምፅ ይቆማል። እኔ ስቀጥል ትቀጥላለች።

እንዲህ ሆነን ሳለ የማኅበራችን ቀን ደረሰ። ጽዋ የምንጠጣው በእመቤታችን ስም ነው፤ ቀኑ ሃያ አንድ ቢሆንም ሥራ ስላለብን ለሃያ አንድ በሚቀርበው ዓርብ እንሰበሰባለን። በዚህ አገር ጠላ የማይታሰብ ስለሆነ ጽዋችን ውስጥ የሚገባው በውሃ የተበጠበጠ ማር ነው። «የሰከረ ማኅበርተኛ የሌለው የዓለም ብቸኛ ማኅበር» እያልን እንቀልድ ነበር። የዚያ ወር ተረኛ ደባሌ ናት፤ ክፍላችን ውስጥ ዳቦውን የደፋችውም፣ ማሩን የበጠበጠችውም እሷ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። በደንቡ ጽዋውን ከሷ እጅ ጎንበስ ብዬ መቀበል አለብኝ። በደንቡ ደግሞ የተጣላ ሰው ከጽዋው አይቀምስም።

የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ግንበኛ ናቸው፤ እጃቸው በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት እንደ ወትሮው «እንግዲህ ልጆች፣ የተጣላ አለ?» አሉ። ይህ ጥያቄ በየወሩ ይጠየቃል። በየወሩም ሁሉም «የለም» ብሎ ዳቦው ይቆረሳል።

«አለ» አልኩ። «እኔ አለሁ።»

ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። የደበቀው ሁሉ እኮ እዚያ ነው ያለው። «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ እህቴ»፣ «አትጨክኚ»፣ «ሰይጣንን እፈሪው»፣ «የሞተ ላይመለስ»። ያች አላለቀሰችም ያለችው ሴት ደግሞ «ውለታ የዋለችልሽን ሰው እንዲህ ታደርጊያታለሽ? ለአንቺው ብላ እንጂ ምን አግኝታበት?» አለች።

ተነሣሁ። «ውለታ ከሆነ አመሰግናለሁ» አልኩ። «በደል ከሆነ ይቅር እላለሁ። አንዱን ምረጡልኝ። ሁላችሁም ደግ ሠራንልሽ ትሉኛላችሁ፤ ዞራችሁ ደግሞ ይቅር በዪን ትሉኛላችሁ። ማንም ያልበደለኝን እኔ ማንን ይቅር ልበል? ወር ሙሉ ይቅር የሚል ልብ ስጠኝ እያልኩ ጉልበቴ አለቀ። ልቡን ቢሰጠኝስ የት ነው የምወስደው?»

ሙሴያችን ደባሌን አዩዋት። እሷ የጽዋውን ማሰሮ እንዳቀፈች አንገቷን ደፍታለች። «እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፣ «በግድ የሚቀመስ ጽዋ የለም። ልጄ ትቆየን። ጽዋው ዛሬ ከዞረ በኋላ እስከሚታረቁ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።» ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ እኔን ዘሎ አለፈ። ሳይቀየሙኝ ዘለሉኝ፣ እኔም ሳልቀየም ተዘለልኩ። ደባሌ አስተናጋጅ ሆና ሁሉን አዳረሰች፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ሁለታችን ቀረን። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እኔ ምንጣፍ አጥፋለሁ። የዓሥር ሰዓቱ አዛን ከቅርቡ መስጊድ ተሰማ፣ አበቃ። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ሳትዞር «ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለች።

ምንጣፉን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

«ወንድምሽ የደወለልኝ በሞቱ ማግስት ነው። በሚመጣው ዓርብ ሰው ሰብስበሽ ንገሪያት አለኝ። እኔ ነኝ ያቆየሁት። ለሱ እዚህ ያሉት ሰዎች ጾሙ ይለፍ ብለዋል አልኩት። ለነሱ ደግሞ ወንድሟ እስከ ፋሲካ ብሏል አልኳቸው። ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ለምን?»

«ትሄጃለሽ ብዬ።» አሁን ዞረች። እጇ ላይ አረፋው እንዳለ ነው። «ካንቺ በፊት አብራኝ የነበረችው ለአባቷ ልቅሶ ብላ ሄዳ ቀረች። ብቻዬን እዚህ ክፍል ውስጥ ክረምትና በጋ ከረምኩ። ታምሜ የሚያነሣኝ አጥቼ ከፍራሼ እስከ በሩ በእንብርክኬ ሄጃለሁ። አንቺ ሲነገርሽ በዚያው ቀን ትነሺያለሽ፣ ለመቃብሯ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ አትመለሺም። አውቅ ነበር። በየማታው አሜን ስል ለእናትሽ አልነበረም። ይቺ ማታ እንዲህ ትለፍልኝ ብዬ ነው። ስግደቱም አስፈርቶኝ ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም። በድዬሻለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ለካ የወጋውም አይረሳም። ግን አልራራሁላትም፤ እውነቱን ልናገር ከተባለ ከዚያ በፊት የተናደድኩት ንዴት ሁሉ ከዚህኛው አጠገብ ንዴት አልነበረም። እናቴን ለራሷ ብቸኝነት መሸፈኛ ነው ያደረገቻት። በሌላው ፍራሽ ላይ የምትተኛ ሴት እንዳትሄድባት ብላ የሌላዋን ሴት ሞት ዋጠች። ግቢው ውስጥ ወጣሁ። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ባልቴቷ በረንዳዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ደባሌን ልመታት ነው ወይስ ልጮህ ነው እያልኩ ቆምኩ።

ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ነገር ተለቀቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ውለታ ላይ ስቆጣ ከነፋስ ጋር ስታገል ነበር። አሁን በፊቴ በደል ቆሟል፤ ራስና እጅ ያለው፣ «እኔ ነኝ» የሚል በደል። የንስሐ አባቴ ያሉት ልብ ይሄ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ያን ቀን አልወጣም። የምፈልገውን ግን አወቅሁ። የተወሰደብኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም መመለስ የምትችል ከዚህች ሴት በቀር በምድር ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

ተመልሼ ገባሁ። ደባሌ እዚያው ቆማ እያለቀሰች ነው። ነጠላዬን ከሚስማሩ አውርጄ አዘቀዘቅኩና ለበስኩ፣ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«መርዶዬን። ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፣ አንቺ አልነገርሽኝም። በደንቡ ንገሪኝ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። መጣችና እጎኔ ተቀመጠች። መርዶ የሚነግር ሰው እንደሚያደርገው ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ እጇ አሁንም እርጥብ ነበር። መጀመር አቃታት። ጠበቅኳት።

«እህቴ» አለች፣ «እናትሽ አርፈዋል። እርምሽን አውጪ።»

አወጣሁ።